የጠመንጃችሁን ምላጭ ለሞረድ አትስጡ

ሕጋዊ ፈቃድ ኖሯችሁ የአደን ወይም የአባት ውርስ ጠመንጃ ቤታችሁ ያለ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። መሃል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ ወደ ተክለ ሃይማኖት ስትወርዱ ባሉት ጓሮዎች ውስጥ "ምላጭ እናሳምራለን" እያሉ በጣት የሚሳበውን ቃታ በሞረድ የሚያለሰልሱ ሰዎች አሉ። ሥራው በሰው በሰው ነው የሚገኘው። ማስታወቂያ የለውም፣ ደረሰኝም የለውም። ግማሹ ቀብድ ነው፣ ቀሪው ጠመንጃው ሲመለስ ይከፈላል። "ደረቁን ምላጭ እንደ ቅቤ አደርግልሃለሁ፣ ከዚያ በኋላ አትስትም" ይሏችኋል።

እንዳትሰጡ። ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር።

አንድ ወዳጄ ከአባቱ የወረሰው የአደን ጠመንጃ አለው። አሠራሩ የማውዘር ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ሰጥቶት ሲመለስለት "ና እየው" ብሎ ጠራኝ። እውነቱን ለመናገር ምላጩ ለጣት ደስ ይላል። ነካ ሲያደርጉት ይሄዳል፣ አይንገጫገጭም። ባዶ መሆኑን ሁለታችንም አየን፤ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በጣቴ ሁሉ ዳሰስኩት። ከዚያ መዝጊያውን ወደ ኋላ ስቤ፣ ጠንከር አድርጌ ወደ ፊት ገፋሁና ዘጋሁት። ቀጭ! ጣቴ ምላጩ አጠገብ እንኳ አልነበረም። ጥይቱን መትቶ የሚያስተኩሰው መርፌ በራሱ ጊዜ ወደቀ። ደገምኩት። አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ይለቃል። አፈሙዙ የዞረው ወደ ግድግዳው ነበር፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የጎረቤት ሳሎን ነው።

ሰደፉን ፈትተን ምላጩን አወጣነው። በስልክ መብራት አበራንበት፣ በካሜራው አጉልተን አየነው። መርፌውን ወጥራ የምትይዘው ትንሿ የብረት ጥርስ ጫፏ ላይ የሞረድ ጭረት አለ። ጠርዟ ቀጥ ማለቱ ቀርቶ ወደ አንድ ጎን ዘምሟል፣ ማዕዘኗም ዶልዱሟል። የምላጩ ሞላም ከጫፉ ተቆርጧል። ወዳጄ የከፈለው ለዚህ ነው።

ነገሩ ለምን አደገኛ እንደሆነ ላስረዳ። ጠመንጃ ሲወጠር መርፌው በኃይለኛ ሞላ ተገፍቶ ወደ ፊት ለመፈንጠር ይጠብቃል። አስሮ የያዘው ያ ጥርስ ነው። በብዙ ዘመናዊ የአደን ጠመንጃ ላይ ሁለቱ ብረቶች የሚነካኩበት ስፋት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፋብሪካው ያንን ገጽ በሙቀት ያጠነክረዋል። በአሮጌዎቹ ላይ የጠነከረው ሽፋን ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ለስላሳ ነው። ሞረድ ሽፋኑን ሲገፈው ምላጩ የመጀመሪያ ቀን ያምራል። ከዚያ በተተኮሰ ቁጥር ለስላሳው ብረት እየተበላ ይሄዳል። ስለዚህ "ሞክሬዋለሁ፣ ጥሩ ነው" የሚል ሰው ምስክርነት ብዙም አይጠቅማችሁ። ዛሬ የያዘው ጥርስ ነገ ሊለቅ ይችላል።

ከጣልያን ወረራ በፊት ከቤልጅግ የገቡትን ማውዘሮችና መሰሎቻቸውን የወረሳችሁ በተለይ ልብ በሉ። የእነዚህ ምላጭ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ረዥምና ቀለል ያለ ጉዞ ይሄዳል፣ ከዚያ ገታ ይላል፣ ከዚያ ነው የሚለቀው። ሞራጆቹ ቀድመው የሚያጠፉት ያንን ረዥም ጉዞ ነው። "ትርፍ ነው" ይላሉ። ትርፍ አይደለም። ጥርሱ በደንብ ተነክሶ እንዲቀመጥ ተብሎ የተተወ ነው። ጠመንጃው ከእጅ ሲወድቅ ወይም ከመኪና በር ጋር ሲጋጭ እንዳይተኩስ የሚያደርገው እሱ ነው።

ትልልቅ ፋብሪካዎችም ቢሆኑ በምላጭ ተፈትነዋል። የአሜሪካው ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ2014 "ኤክስ ማርክ ፕሮ" የተባለው ምላጭ የተገጠመላቸውን፣ ከ2006 ጀምሮ የተሠሩ ሞዴል 700 ጠመንጃዎቹን "መልሱልኝ" ብሎ ነበር። ሲገጣጠም የተጨመረው ማጣበቂያ በአንዳንዶቹ ላይ በዝቶ፣ ሰው ሳይፈልግ ሊተኩሱ ይችላሉ ተብሎ ነው። መለኪያና ማሽን የሞላው ፋብሪካ በትንሽ ማጣበቂያ እንዲህ ከሆነ፣ በዓይኑ ግምት የሚሞርድ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

"ታዲያ ጥሩ ምላጭ ጥቅም የለውም?" ትሉ ይሆናል። አለው። ግን የሚነግሯችሁን ያህል አይደለም። ምላጭ ጥይትን አያቀናም። ያ የአፈሙዙ፣ የጥይቱና የማነጣጠሪያው ሥራ ነው። ጥሩ ምላጭ የሚያደርገው በምትስቡበት ቅጽበት ጠመንጃው እንዳይነቃነቅ መርዳት ነው። ለአደን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ አካባቢ ጉልበት የሚጠይቅ ምላጭ ይበቃል። የድሮ የጦር ሜዳ ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 ኪሎ በላይ ይፈልጋል፣ ለዚህ ነው ደረቅ የሚመስለን። ከ1.5 ኪሎ በታች የሆነ እጅግ የቀለለ ምላጭ ለዒላማ ተኩስ ውድድር እንጂ ለአደን አይሆንም። ባሌና አርሲ ተራራ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የደጋ አጋዘን ፍለጋ ጎህ ሳይቀድ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ጣት በብርድ ይደነዝዛል። ጓንት ካለ ደግሞ ምላጩን መንካታችሁ ራሱ አይታወቃችሁም። እዚያ ላይ ቀላል ምላጭ ይዞ ከመሪያችሁ ጀርባ መሄድ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጠመንጃውን አጽዱት። ይህን አጥብቄ የምለው ብዙ "ደረቅ" ምላጭ የቆሸሸ ምላጭ ስለሆነ ነው። ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ የኖረ ጠመንጃ ውስጡ ያለው ግራሶ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ሙጫ ይሆናል። በነጭ ጋዝ በደንብ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ስስ የጠመንጃ ዘይት ሲነካው የሚንገጫገጨው ምላጭ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ዘይት አታብዙ፤ በብርድ ይወፍርና ሌላ ችግር ያመጣል። ሰደፉን የያዙት ብሎኖች መጥበቃቸውንም እዩ። የላላ ብሎን ዒላማን ያበላሻል፣ ሰው ግን በምላጭ ያሳብባል።

ቀጥሎ ልምምድ። ባዶ መሆኑን ደጋግማችሁ አረጋግጡ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩና ምላጩን ቀስ ብላችሁ መሳብ ተለማመዱ። ትልልቆቹ የአደን ጠመንጃዎች በመለማመጃ ጥይት ቢሆን ይመረጣል። 22 ካሊበር የሆኑትን ግን በባዶ አትምቱ፣ መርፌው የጥይት ማጉረሻውን ጠርዝ ይጎዳል። ከቻላችሁ አንድ ዓይነት፣ ያልጃጀ ጥይት ተጠቀሙ። ለሞራጁ የሚከፈለው ገንዘብ ለዚህ ቢውል ዒላማችሁ ላይ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ምላጩ ካስቸገረ፣ መፍትሔው ሙሉውን መቀየር ነው። ለማውዘር 98 ዓይነት ጠመንጃ ተሠርተው የሚሸጡ፣ በብሎን ጉልበታቸው የሚስተካከል ምላጮች አሉ። ቲምኒ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል። ክፍሉ በሕጋዊ መንገድ መግባት፣ የሚገጥመውም ፈቃድ ያለው ባለሙያ መሆን አለበት። አሮጌውን አታስጥሉ፣ ተቀብላችሁ አስቀምጡት።

የፈቃዱን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ጉዳይ ነው። ፈቃዱ በእናንተ ስም ነው። የማታውቁት ሰው ጓሮ ውስጥ አሳድራችሁት አንድ ነገር ቢፈጠር የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ሞራጁን ደግሞ ላታገኙት ትችላላችሁ። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ስንቱ ባለሙያ ቦታ እንደቀየረ ታውቃላችሁ። ያለ ደረሰኝ የሠራላችሁን ሰው የት ብላችሁ ትፈልጉታላችሁ?

አስሞርዳችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ፈትሹት። ጠመንጃው ባዶ ይሁን። ወጥሩትና መዝጊያውን ጠንከር አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ዝጉ። ወጥራችሁ የሰደፉን ታች ወፍራም ጎማ ላይ መታ መታ አድርጉት። ሴፍቲውን ዝጉ፣ ምላጩን ሳቡና ልቀቁ፣ ከዚያ ሴፍቲውን ክፈቱ። በመጨረሻም አፈሙዙን ወደ ላይ አቁማችሁ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ፕላስቲክ በሲባጎ ምላጩ ላይ አንጠልጥሉ። ከእነዚህ በአንዱ እንኳ ቀጭ ካለ፣ ያ ጠመንጃ ጥይት መጉረስ የለበትም። መዝጊያውን አውጥታችሁ ለብቻው ቆልፉበት። ሁሉንም ቢያልፍም አትመኑት፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ፈትቶ ጥርሱን ሳያየው ወደ አደን ይዛችሁ አትውጡ። "ትንሽ ልመልሰው" ብሎ ሞራጁ ራሱ ቢጠራችሁም አትሂዱ፤ የተሞረደ ብረት አይመለስም፣ የሚያደርገው ሌላ መሞረድ ነው።