ስሙ አንድ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ ለሰርግ ወይም ለአዲስ ቤት ዕቃ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። በሁለቱም ከተማ ስማቸው አንድ፣ ባለቤታቸው ግን ሌላና ሌላ የሆኑ ሱቆች ሞልተዋል።

ስም መመሳሰሉ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የጦሳ ተራራና የቦርከና ወንዝ የሁላችን ናቸው። ካፌውም ፋርማሲውም ኤሌክትሮኒክስ ቤቱም ቢጠራባቸው ማንም ቅር አይለውም። ችግሩ ሻጩ በሌላው መልካም ስም ሲነግድ ነው።

ጎረቤቴ ኮምቦልቻ ፍሪጅ ገዛች። ደሴ ላይ ዕቃው ቢበላሽ ያለ ጭቅጭቅ የሚቀይር፣ ሰው የሚያምነው ሱቅ አለ። ኮምቦልቻ ያለውም ያንኑ ስም ለጥፏል። «የደሴው ቅርንጫፍ ናችሁ?» ብላ ጠይቃለች። «አዎ፣ አንድ ነን» አላት። ሳምንት ሳይሞላ ፍሪጁ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አላቀዘቅዝ አለ። ስትመለስ «ዋስትናውን የሚያየው የደሴው ነው» አሏት። ያንን ሁሉ ዕቃ አስጭና የሀረጎን ዳገት ወጣች። ደሴዎቹ ደረሰኙን አገላብጠው አዩት። አናቱ ላይ የታተመው የማያውቁት ሰው ስም ነው፤ ቲን ቁጥሩም የእነሱ አይደለም። «እህቴ፣ ከእኛ አልገዛሽም» አሏት። እውነታቸውን ነው፣ እነሱ ምን ያድርጉ?

በጣም ያናደደኝ ማመላለሱ ነው። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። «ደሴ ሂጂ፣ ነገ ነይ» ሲባል ቀኑ ያልቃል። ስለዚህ ዕቃው ችግር እንዳሳየ የምትጠይቁት የሸጠላችሁን ሰው ነው፤ ሌላ ቦታ ቢልኳችሁ እንዳትሄዱ።

ከመክፈላችሁ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ንግድ ፈቃድ አንብቡ። ሱቁ ፈቃዱን በግልጽ በሚታይ ቦታ የመስቀል ግዴታ አለበት፤ እናንተም ብታዩት ነውር የለውም። የባለፈቃዱ ስም ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር ይግጠም። «ቅርንጫፍ ነን» ካሏችሁ ዋናው ሱቅ ራሱ ጋ ደውሉ፤ ቁጥሩን ግን ከሻጩ አትቀበሉ። በቴሌብር ስትከፍሉ የተቀባዩ ስም ቀድሞ ይመጣል። ሌላ ሰው ከሆነ አቁሙ። የዋስትና ወረቀቱ ላይ ደግሞ የዕቃው ሴሪያል ቁጥርና የሱቁ ማህተም ይኑር። «ችግር የለም፣ እኔን እመኑኝ» ዋስትና አይደለም።

በቴሌግራም የምትገዙ ደግሞ አድራሻው «ፒያሳ» ሲል የቱ ፒያሳ ብላችሁ ጠይቁ። ደሴም አለ፣ ጎንደርም፣ አዲስ አበባም። አራዳም እንደዚሁ ነው። በእግሬ ሄጄ አየዋለሁ ያላችሁት ሱቅ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ሊገኝ ይችላል። ቀብድ ከላካችሁ በኋላ የመጫኛው ሂሳብም በእናንተ ላይ ይመጣል።

ጎረቤቴ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክታለች። በዚሁ መንገድ የተታለላችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁንና የከፈላችሁበትን መልእክት ይዛችሁ ሂዱ። ዕቃውን ደግሞ ሳይታይላችሁ ለሌላ ጠጋኝ አታስፈቱ፤ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ይሏችኋል።