የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ዲዛይን፦ በከተማው በጀት ወይስ በድጋፍ ገንዘብ?

በከተማው በጀት መሥራት ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነት ነው። በጀቱ ከጸደቀ ቅየሳው፣ የአፈር ምርመራውና የጎርፍ ማስወገጃ ጥናቱ ሳይዘገይ ይጀመራል። ጉዳቱ በበጀት ዓመት መቆራረጡ ነው። 30 በመቶው ብቻ ተሠርቶ የቆመ ንድፍ ሁለት ዓመት ከተኛ ቅየሳው ያረጃል፤ በመስመሩ ላይ አጥር ይታጠራል፣ የውሃ ቧንቧ ይቀበራል።

የድጋፍ ገንዘብ ለሰፊ ሥራ ይበቃል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ከተማው ከፍሎ በደረሰኝ የሚያስመልሰው ነው፣ የራስ መዋጮም ይጠይቃል። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው፦ የድጋፍ ውሉ ሳይፈረም ንድፍ የሚሠራው አማካሪ ሥራ ከጀመረ ያ ወጪ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

የተሻለው መንገድ ንድፉን እስከ 30 በመቶ ድረስ በራስ በጀት ሠርቶ ለቀሪው ድጋፍ መጠየቅ ነው። ያኔ መስመሩ፣ ስፋቱና ወሰን ማስከበር የሚፈልገው ቦታ ስለሚታወቅ የወጪ ግምቱ ይታመናል። በተለይ መሻገሪያ ድልድይ ካለ ይህ ግድ ነው። 4 ሜትር ከፍታ በ5 በመቶ ተዳፋት ለመውጣት በአንድ ወገን ብቻ 80 ሜትር መወጣጫ ያስፈልጋል። ያ መሬት የማን እንደሆነ ከማመልከቻው በፊት መጣራት አለበት።