የአማቴን ዘር ቆጥራ ላገኘችልን ባለሙያ ምስጋና (ማሳቹሴትስ ላላችሁ ጥቆማ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ ብዙ ጊዜ የምጽፍ ሰው አይደለሁም ግን ይሄን ዝም ብዬ ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ቦስተንና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ከአሜሪካኖች ጋር ተጋብታችሁ ልጆች ያላችሁ፣ እባካችሁ አንብቡልኝ። አንዲት የዘር ሐረግ የምታጠና ባለሙያ ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው።

አማቴ 86 አመታቸው ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ "እኛ የሪቤካ ነርስ ዘር ነን" ሲባል እየሰሙ ነው ያደጉት። ለማታውቋት፣ ነርስ የባሏ ቤተሰብ ስም ነው እንጂ ስራዋ አይደለም፣ በ1692 ማሳቹሴትስ ሴለም ውስጥ ጠንቋይ ነሽ ተብላ በ71 አመቷ የተሰቀለች የስምንት ልጆች እናት ናት። (ብዙ ሰው ተቃጠሉ ይላል፣ ሴለም ላይ በእሳት የተገደለ የለም፣ አብዛኞቹ የተገደሉት በገመድ ነው።) ወደ 40 የሚሆኑ ጎረቤቶቿ ደግ ሴት ናት ብለው ፈርመውላት ነበር፣ ጁሪውም መጀመሪያ ጥፋተኛ አይደለችም ብሎ ነበር፣ ከዛ እንደገና እዩት ተብሎ ተመልሶ ፈረደባት። አማቴ እቺን ሴት ልክ እንዳሳደገቻቸው አያት ነው የሚያነሷት፣ እና "ሳልሞት እውነት መሆኑን ልወቅ" አሉ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ኦንላይን ለሚሰራ አንድ ድርጅት ከፍሎ የሚያምር ቻርት ተላከልን፣ እስከ እንግሊዝ ባላባቶች ድረስ የሚወጣ፣ ፍሬም ተደርጎ የሚሰቀል አይነት። ግን ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ሪቤካ የምትባለው እናትና ሪቤካ የምትባለው ልጇ አንድ ሰው ሆነው ቁጭ ብለዋል፣ በዛ ላይ የእናትየዋ ወላጆች የተጋቡት ኤፕሪል 1620፣ እሷ ክርስትና የተነሳችው ፌብሩዋሪ 1620 ይላል። ከሰርጉ በፊት ነው እንዴ የተወለደችው? ሌላ እናት ነበረቻት? ጠየቅናቸው፣ የመለሰልን የለም።

ከዛ በስራ ባልደረባዬ በኩል ይቺን ባለሙያ አገኘናት። ቤት መጥታ ገና ቡና ሳይቀርብ የጠየቀችው "ቤት ውስጥ ምን ወረቀት አላችሁ" ብላ ነው። አማቴ ከቁም ሳጥናቸው የድሮ መጽሐፍ ቅዱስ አወጡ፣ መሀሉ ላይ በቀለም የተጻፈ የልደትና የሞት ዝርዝር አለበት፣ አንዳንዱ ደብዝዞ አይነበብም። እያንዳንዱን ገጽ መስኮት ጋ ወስዳ ፎቶ አነሳችና "ከሪቤካ ጀምረን ወደ ታች አንወርድም፣ ከእርሶ ጀምረን አንድ አንድ ትውልድ ወደ ላይ ነው የምንወጣው፣ ወረቀት ያጣንበት ቦታ እንቆማለን" አለቻቸው።

የቀኑን ነገር የፈታችው እዛው ጠረጴዛ ላይ ነው። እንግሊዞች እስከ 1752 ድረስ አዲስ አመታቸው የሚገባው ማርች 25 ነበር፣ ስለዚህ የዛን ጊዜው ፌብሩዋሪ 1620 ከኤፕሪል 1620 በኋላ ነው የሚመጣው፣ በዛሬው አቆጣጠር 1621 ማለት ነው። ባለቤቴ ግራ ገባው፣ እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፣ የኛም አመት መስከረም ላይ ገብቶ ፈረንጆቹ ጥር ላይ ሲቀይሩ አይቀየርም አይደል? ኤፕሪል ሰርግ፣ በአስረኛው ወር ክርስትና፣ ምንም ነውር የለበትም። ወረቀቷ ላይ 1620/21 ብላ በጭረት ጻፈችው፣ የድሮ ሰነድ የሚያጠኑ ሰዎች እንደዛ ነው የሚጽፉት።

ትልቁ ልፋት ግን ሴቶቹን ማግኘት ነው። እኛ ጋ ሴት አግብታም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፣ እዚህ ግን ድሮ ባገባች ቀን የአባቷ ስም ይጠፋ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ "ሜሪ" ከሚል ስም በላይ ምንም የሌላት አንዲት አያት ላይ ተቸክለን ነበር። ባለሙያዋ የመሬት ሽያጭ ውሎችን አንድ በአንድ አየች፣ ምክንያቱም ባል መሬት ሲሸጥ ሚስት ባሏ ቢሞት የሚደርሳትን ሲሶ መተዋን መፈረም ነበረባት። ሜሪ መጻፍ ስለማትችል ስሟ አጠገብ የመስቀል ምልክት አድርጋለች፣ ያቺን ምልክት ስክሪኑ ላይ ሳይ እንባዬ መጣ። ከዛ በአንድ ሰውዬ ኑዛዜ ላይ "ለልጄ ለሜሪ፣ የእከሌ ሚስት" የሚል ተገኘና ሐረጉ ተቀጠለ።

ከባዱንም አልደበቀችንም። የአማቴ መስመር የሚመጣው ሪቤካ በምትባለው ልጅ በኩል ነው፣ እሷ በ1669 ቶማስ ፕሬስተን የሚባል ሰው አግብታለች። ይሄ ሰው በፌብሩዋሪ 1692 መጨረሻ በሶስት ሴቶች ላይ የቀረበውን የመጀመሪያውን ክስ ከፈረሙት አንዱ ነው፣ ወር ሳይሞላ የገዛ አማቱ ታሰረች፣ ጁላይ 19 ተሰቀለች። ባለሙያዋ ይሄን ከመናገሯ በፊት ወንበሯን ወደ አማቴ አስጠግታ እጃቸውን ይዛ ነው የነገረቻቸው። አማቴ ብዙ ዝም ብለው "እሱም የኔ ነው" አሉ።

የእናትየዋ የሪቤካ ወላጆች ዊልያም ታውንና ጆአና ብለሲንግ ይባላሉ፣ የተጋቡት እንግሊዝ ግሬት ያርማውዝ ነው (የጆአና የአባት ስም በኛ በረከት ማለት ነው፣ ደስ አይልም?)። ከነሱ በላይ ያለውን መስመር ባለሙያዋ ባዶ ተወችው፣ ያየችው ወረቀት ስላላሳመናት። ያኛው ድርጅት ባላባት የደረደረበት ቦታ ማለት ነው። እኔ ያመንኳት በዛ ባዶ ቦታ ነው።

ዳንቨርስ (ያኔ የሴለም መንደር የሚባለው) ላይ የሪቤካ ቤት አሁንም አለ፣ በ1885 የቆመ የመታሰቢያ ድንጋይም አላት፣ አማቴን በዊልቸር ወስደናቸዋል፣ ልጆቼም አይተዋል።

ክፍያዋ በሰዓት ነው፣ ከመጀመሯ በፊት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ትነግራችኋለች፣ በነጻ ልታገኙ የምትችሉትን ደግሞ ራሷ ፋሚሊሰርች የሚባል የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚፈለግ አሳይታ ነው የምትሄደው። የምትሰራው ኒው ኢንግላንድን (ማሳቹሴትስ ያለችበትን የሰሜን ምስራቅ አሜሪካ ክፍል) ብቻ ነው፣ የኢትዮጵያ ዘር እንደማትችል ራሷ ነግራኛለች ስለዚህ ለዛ አትደውሉላት። ስሟን እዚህ ባልጽፍ ስለመረጠች ኢንቦክስ አድርጉልኝ ስልኳን እልክላችኋለሁ፣ ስትደውሉ የአያቶቻችሁን ሙሉ ስምና የሞቱበትን ከተማ ያዙ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። እድሜና ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ ይሄን ባለቤቴ ተርጉሞ ያነብልሻል።