የሚያፈስ ወተር ሶፍትነር፦ 1,800 ዶላር የተጠየቅኩበት በ28 ዶላር ጎማ ተስተካከለ (ቬጋስ ላላችሁ)

ስድስት አመት የተጠቀምኩበትን ወተር ሶፍትነር (ጠንካራ ውሃ የሚያለሰልስ ማሽን) ነው ሪቪው የማደርገው፣ ከነመበላሸቱ ከነጥገናው። በተለይ ላስ ቬጋስ ቤት ለገዛችሁ ወይ ልትገዙ ላሰባችሁ ይጠቅማል ብዬ ነው፣ እኔ ባለፈው ሚያዝያ ሙሉ ዕቃውን አውጥቼ ልጥለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ለማያውቀው፣ የቬጋስ ውሃ 90 ፐርሰንት የሚሆነው ከኮሎራዶ ወንዝ በሌክ ሚድ በኩል ነው የሚመጣው፣ ወንዙ ያን ሁሉ አለት እያጠበ ስለሚወርድ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ተሸክሞ ነው የሚደርሰን። ጥንካሬው በጋሎን 16 ግሬይን አካባቢ ነው (ግሬይን የውሃ ጥንካሬ መለኪያ ነው)፣ በሊትር ወደ 280 ሚሊግራም ማለት ነው፣ በጣም ጠንካራ ውሃ ነው። እኔ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፣ እዛም የጉድጓድ ውሃ ስለሆነ እናቴ የማንቆርቆሪያውን ውስጥ በሎሚ ስትፈትግ ነው የማስታውሰው፣ ነጭ ቅርፊት ይሰራል እኮ። ያው ቅርፊት እዚ ሻወሩ ላይ፣ ጀበናው ውስጥ፣ የውሃ ማሞቂያው ታች ጠበቀኝ። ሶፍትነር የገዛሁት ለዛ ነው፣ በዛ በኩል ምንም እንከን አልወጣለትም፣ ብርጭቆ ላይ ነጠብጣብ የለም፣ ሳሙናው ወዲያው አረፋ ይሰራል፣ ነጭ ነጠላ ታጥቦ ሲወጣ ልስላሴው በእጅ ይታወቃል።

አሰራሩም ከባድ አይደለም። ረጅሙ ታንክ ውስጥ ሬዚን የሚባሉ እንደ ዳጉሳ የደቀቁ ፍሬዎች አሉ፣ ካልሲየሙን ይዘው በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ፣ ሲሞሉ በኛ አቆጣጠር ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማሽኑ ከጨው ታንኩ የጨው ውሃ ስቦ ያጥባቸውና እጣቢውን ወደ ፍሳሽ ይደፋል። ይሄን ሁሉ የሚያዘው ከላይ ያለው ቫልቭ ነው፣ ከጀርባው ደግሞ ባይፓስ አለ፣ ውሃው በሶፍትነሩ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ቤት እንዲገባ ማድረጊያ።

እና ምን ሆነ፣ አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴ ልብስ ልታጥብ ጋራጅ ስትገባ ወለሉ ረጥቧል፣ ታንኩ ስር ውሃ ተኝቷል። አንድ የጥገና ድርጅት ደወልኩ፣ ሰውየው መጣ፣ አምስት ደቂቃ አልቆየም፣ ወለሉን አየና ታንኩ ተሰንጥቋል አለኝ። አንድ ብሎን አልፈታም፣ በእጁ አልነካውም፣ አዲስ ከነመግጠሚያው 1,800 ዶላር ብሎ ወረቀት ሰጥቶኝ ሄደ። ስማቸውን አልጠራም፣ ግን በጣም ነው ያዘንኩት፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆቻችን ስንቴ እንዲ ተብለው ከፍለው ይሆን ብዬ።

ሰፈራችን ሆቴል ውስጥ ለብዙ አመት ጥገና የሰሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ደወልኩላቸው። "አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ በደንብ አድርቀው እስቲ፣ ከዛ ከላይ ጀምረህ እይ፣ ከታች አይደለም" አሉኝ። "ባይፓስም አድርገውና ጠብቅ፣ ካቆመ ችግሩ ሶፍትነሩ ጋ ነው ወይ መገናኛው ጋ፣ ካላቆመ ባይፓሱ ራሱ ነው ወይ የቤቱ ቧንቧ።"

እንዳሉኝ አደረኩ። ሁሉንም በፎጣ ጠረግኩና እያንዳንዱ መገናኛ ላይ ሶፍት ጠመጠምኩ፣ መግቢያው ላይ፣ መውጫው ላይ፣ የጨው ውሃ ቱቦው ላይ፣ የፍሳሽ ቱቦው ላይ፣ ቫልቩና ታንኩ የሚገናኙበት ዙሪያውን፣ ታች ደግሞ ካርቶን አነጠፍኩ። ሃያ ደቂቃ። ታንኩ ዙሪያ ያለው ሶፍት ደረቅ፣ የቱቦዎቹ ደረቅ፣ ባይፓሱ ከቫልቩ ጋ የሚገናኝበት የቀኝ በኩሉ ብቻ ረጥቦ ተጣብቋል፣ ከዛ አንዲት ቀጭን መስመር የታንኩን ጀርባ ይዛ ዝም ብላ ትወርዳለች፣ ወለሉ ላይ ስትደርስ ታንኩ የተሰነጠቀ ይመስላል። ባይፓስ ሳደርገው ቆመ። በቃ ታወቀ።

አፈታቱ እንዲ ነው። መጀመሪያ ባይፓስ አድርጉ፣ ከዛ ማሽኑን በእጅ ወደ እጥበት አስገቡት ውስጥ የታመቀው ፕሬሸር በፍሳሹ እንዲወጣ፣ ከዛ ነው ከኤሌክትሪክ የሚነቀለው። ይሄን ሳታደርጉ ባይፓሱን ከቫልቩ ጋ የያዘውን ክሊፕ ብትነቅሉ ውሃው ፊታችሁ ላይ ነው። ባልዲ ስሩ አድርጌ ሁለቱን ክሊፖች በካቻቪቴ ፈታሁና ሶፍትነሩን ወደኋላ ሳብ ሳደርገው መገናኛው ወጣ፣ ኦሪንጉ (መገናኛውን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) እዛው ጎድጓዳው ውስጥ አለ። አዲስ ኦሪንግ ክብ ነው፣ ስትጫኑት ይመለሳል፣ የኔው በአንድ በኩል እንደ ጠፍር ተደፍጥጧል፣ በጥፍሬ ስጫነው ድንጋይ ሆኗል፣ አንድ ቦታ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለችው ጫፏ ላይ ነጭ ቅርፊት ይዛለች። ውሃው የሚያልፈው በዛች ስንጥቅ ነው። የቬጋስ ጋራጅ በበጋ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፣ ውጪው ራሱ 43 ዲግሪ ያልፋል፣ ያ ሙቀትና ውሃው ውስጥ ያለው ክሎሪን ስድስት አመት ጎማውን አድርቀውታል።

የመለዋወጫ ሱቁ ከከተማው ወጣ ያለች ትንሽ ቤት ናት፣ አምስት ኮከብ የምሰጠው ለነሱ ነው። የቫልቩን ሞዴል ፎቶ አንስቼ ነበር የሄድኩት (እናንተም አንሱ፣ ያለሱ ማንም ሊረዳችሁ አይችልም)፣ የኦሪንግና የሲል ኪቱን 28 ዶላር፣ ትንሽ ሲሊኮን ግሪስ 6 ዶላር ሸጡልኝ፣ ልጅቷ ቫዝሊን እንዳትቀባበት ብላ ደጋግማ ነገረችኝ፣ ከፔትሮሊየም የተሰራ ነገር ጎማውን ያሳብጠዋል። ቴፍሎንም (ነጩ የቧንቧ ፕላስተር) ኦሪንግ ባለበት መገናኛ ላይ አይጠመጠምም፣ የሚያሽገው ጎማው ነው፣ ፕላስቲኩንም በፒንሳ አታጥብቁት ይሰነጠቃል። ጎድጓዳውን በነጭ ኮምጣጤ አጥቤ፣ ቀባብቼ መልሼ ገጠምኩት። ስትከፍቱ ግን ቀስ ብላችሁ፣ መግቢያውን ሩብ ያህል ብቻ ከፍታችሁ የገንዳውን ቀዝቃዛ ውሃ ልቀቁት አየሩ ተንፍሶ እስኪያልቅ፣ ባንዴ ከከፈታችሁት ሬዚኑን ያናውጠዋል።

ጋሼ ግን በዚ አልረኩም። "ጎማው አርጅቶ ነው እሺ፣ የግፊቱን ልክ አይተሃል ወይ?" አሉኝ። አላየሁም። 12 ዶላር የሚሸጥ የግፊት መለኪያ ጌጅ ውጪ የአትክልት ቧንቧው ላይ አሰርኩና አደርኩ፣ ሌሊት 95 ፒኤስአይ ደርሷል፣ የቤት ውሃ ከ80 ማለፍ የለበትም። ወደ ቤት የሚገባውን ግፊት የሚቀንሰው ፕሬሸር ሬጉሌተር ደክሞ ኖሯል፣ እሱን ላይሰንስ ባለው ፕላምበር አስቀየርኩት፣ ያን ስራ ራሴ አልሞከርኩም፣ አሁን 60 ላይ ነው። ይሄን ሳላይ ጎማ ብቻ ብቀይር ኖሮ ተመልሶ ማፍሰሱ የማይቀር ነበር።

ሌላ ያገኘሁት ጉድ ሴቲንጉ ነው። ሲገጥሙልኝ የውሃውን ጥንካሬ 25 ብለው ሞልተውታል። እኛ አራት ነን፣ በቀን 300 ጋሎን ብንጠቀም በ16 ሲባዛ 4,800 ግሬይን ነው፣ የኔ ማሽን 32,000 ስለሚይዝ በስድስት ቀን አንዴ መታጠብ ሲችል በየአራት ቀኑ ነበር የሚታጠበው። በታጠበ ቁጥር ጨው ይበላል፣ ውሃ ይደፋል፣ ውስጥ ያለው ፒስተንና ሲል ይፋተጋል። 17 ላይ አደረኩት፣ በወር ከሁለት በላይ ይፈጅ የነበረው ባለ 40 ፓውንድ ጨው አሁን አንድ ተኩል ነው። የጨው ታንካችሁ ውስጥ ደግሞ አልፎ አልፎ በእንጨት ነካ ነካ አድርጉት፣ ላዩ ደርቆ ጣሪያ ሰርቶ ስሩ ባዶ ከሆነ ማሽኑ ጨው ያለው እየመሰላችሁ ጠንካራ ውሃ ነው የምትጠቀሙት።

ለማሽኑ ሶስት ተኩል ኮከብ ነው የምሰጠው። ውሃውን በማለስለስ አንደኛ ነው፣ የቀነስኩበት ለፕላስቲኩ ባይፓስ ነው፣ በዛ ዋጋ የነሐስ ማድረግ ይገባቸው ነበር። የምትገዙ ከሆነ መለዋወጫው የትም የሚገኝ ቫልቭ ያለውን ግዙ፣ ከአምራቹ ብቻ የሚመጣ ዕቃ ያለው አንድ ኦሪንግ ሲበላሽ ሙሉውን ያስገዛችኋል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ቤት ካለ ደግሞ የሚጠጣው ውሃ በሶፍትነሩ እንዳያልፍ አድርጉ፣ 16 ግሬይን ውሃ ሲለሰልስ በሊትር ወደ 130 ሚሊግራም ሶዲየም ይጨመርበታል፣ እኛ እማማ ስለሚመጡ የኩሽናው ቀዝቃዛ መስመር ላይ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለውን ማጣሪያ አስገብተናል፣ ቡናውም በሱ ነው የሚፈላው።

ከጠገንኩት አምስት ወር ሆነው፣ መሃል ላይ ያ ሁሉ የሐምሌ ሙቀት አልፎበታል። ካርቶኑን ከታንኩ ስር አላነሳሁትም፣ ትናንት ማታ ጨው ስጨምር በእጄ ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው።