ከሂርማታ የገዛሁት የሞተር ሳይክል ሄልሜት

ጅማ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ካለ የመለዋወጫ ሱቅ የገዛሁት ሄልሜት ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የውስጥ ፎሙ ጠንካራና ከቅርፊቱ ጋር ያለ ክፍተት የገጠመ መሆኑ ነው። ጭንቅላት ከአስፋልት ጋር ሲጋጭ አንጎል ከራስ ቅሉ ጋር ስለሚላተም፣ የግጭቱን ኃይል እየተጨፈለቀ የሚቀበለው ይኸው ፎም እንጂ ገዢው ሁሉ የሚያየው የሚያብረቀርቅ ቀለም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመረምር ዓለም አቀፍ ድርጅት) የጥናቶች ግምገማ፣ ሄልሜት የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ባለሱቁ የአገጭ ማሰሪያውን ራሱ አስሮ ልኩን ሳያረጋግጥ አለመሸጡ በእጅጉ ያስመሰግነዋል። መስታወቱ በዝናብ ጊዜ ቶሎ ጉም ይለብሳል። ከኋላ ለሚቀመጡ ልጆች የሚሆን ትንሽ ቁጥር አለመኖሩ ግን ከባድ ጉድለት ስለሆነ፣ በአስቸኳይ ቢያስመጣ እወዳለሁ።