በባሕር ዳር የዕፅዋት አኳሪየም ማስነደፍ፦ የአንድ አገልግሎት ግምገማ

አኳሪየም የሚሸጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መስታወቱን፣ ማጣሪያውንና ዓሣዎቹን አስረክቦ ይሰናበታል፤ ውስጡን ማሳመር የገዢው ፈንታ ሆኖ ይቀራል። በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ በማይርቅ ሰፈር የሚሠራ አንድ ወጣት ባለሙያ ግን የውኃ ውስጥ ዕፅዋት ያሉበትን አኳሪየም ይነድፋል፣ ይተክላል፣ ዕፅዋቱ ሥር ከሰደዱ በኋላም ተመልሶ መጥቶ ንድፉን ያርማል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ይህን የመጨረሻውን ሥራ ነው፤ ምክንያቱም በተተከለበት ቀን ያማረ አኳሪየም ዕፅዋቱ ሲያድጉ መልኩን ፈጽሞ ሊያጣ ይችላል።

ያሠራሁት 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 36 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ እስከ አፉ ሲሞላ 65 ሊትር ያህል የሚይዝ ነው። ባለሙያው የጀመረው በድንጋይ ነው። የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ ባዛልት በመሆኑ በጥቅሉ የውኃውን ጠባይ አይለውጥም፤ ያም ሆኖ እያንዳንዱን ድንጋይ በብሩሽ ካጠበ በኋላ አቼቶ ጠብ እያደረገበት ጎንበስ ብሎ ያያል። አንደኛው ድንጋይ በነጭ ጅማቱ ላይ አረፋ ሲያወጣ፣ ኖራነት ያለው ነገር እየሟሟ ውኃውን እንደሚያከብደው፣ ማለትም ማዕድን እንደሚያበዛበት ነግሮኝ ወዲያው ገለል አደረገው። ትልቁን ድንጋይ መካከል ላይ ሳይሆን ከርዝመቱ ሲሶ ላይ አቆመው፤ ትናንሾቹንም ጅማታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዘነብል አድርጎ በዙሪያው ደረደራቸው። መነሻው ኢዋጉሚ የሚባለው የጃፓኖች የድንጋይ አደራደር ሲሆን፣ ይህን ስልት በአኳሪየም ሥራ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 2015 የኖረው ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺና የአኳሪየም ነዳፊ ታካሺ አማኖ ነው። ጠጠሩ ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ከፍ ብሎ እንዲያዘነብል በመደረጉ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነው ስፋት ለዓይን ከዚያ የጠለቀ ይመስላል።

አተካከሉም ዕውቀት ያለበት ነው። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የተባሉት የውኃ ዕፅዋት አግድም የሚሄደው ወፍራም ግንዳቸው ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ስለሚበሰብስ፣ በጥጥ ክር ከድንጋዩ ጋር አሰራቸው። ክሪፕቶኮራይን የተባለው ተክል ከቦታ ቦታ ሲዛወር ቅጠሉ ሊሟሟ እንደሚችል፣ ሥሩ ጤናማ ከሆነ ግን እንደገና እንደሚያቆጠቁጥ አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር፣ ቅጠሎቹ ሲረግፉ አልደነገጥኩም።

ከሐይቁ ዕፅዋት አምጥቶ አለመትከሉን በተለይ አደንቃለሁ። ከጣና ዳርቻ የተነቀለ ተክል ቀንድ አውጣ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በሐይቁ አካባቢ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉና ነገሩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የተከረከመውን ቅጠልም አድርቆ ያስወግደዋል እንጂ ወደ ሐይቁም ሆነ ወደ ቦይ አይጥለውም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን ላየ የባሕር ዳር ሰው የዚህ ጥንቃቄ ምክንያት ግልጽ ነው፤ እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በዓለም የተሰራጨው በአብዛኛው ለጌጥ ተብሎ ነው።

ለእርማት ተመልሶ ሲመጣ አዲስ ተክል ይጨምራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ብዙውን ቀነሰ። ከኋላ የተተከለው ቫሊስኔሪያ በጠጠሩ ውስጥ እየተሳበ አዲስ ቡቃያ ስለሚያወጣ፣ እስከ ፊተኛው መስታወት ደርሶ ዋናውን ድንጋይ ሸፍኖት ነበር። ቡቃያዎቹን አንድ በአንድ በረጅም ወረንጦ ነቀላቸው፤ ከትንንሾቹ ድንጋዮች አንዱን አወጣ፤ በድንጋዮቹ መካከልም ከፊት ሰፊ ሆኖ ወደ ኋላ እየጠበበ የሚሄድ የአሸዋ መንገድ ከፈተ። ይህ መንገድ ብቻውን የአኳሪየሙን መልክ ለወጠው፤ ቀድሞ ቁጥቋጦ ይመስል የነበረው አሁን ዓይን የሚያርፍበትና የሚሄድበት ቦታ አለው። በቅጠሎቹ ላይ አልጌ መታየት ስለ ጀመረም መብራቱን በቀን ከ10 ሰዓት ወደ 7 ሰዓት ዝቅ እንዳደርግ አዘዘኝ፤ አልጌውም ቀስ በቀስ ቀነሰ።

ቅር ያሰኘኝ የዓሣው ጉዳይ ነው። ባለሙያው ለንድፉ የሚያሳየውን ትዕግሥት ለዓሣው አያሳይም፤ ተክሉ በተተከለ በሳምንቱ ዓሣ እንዳስገባ ሐሳብ አቅርቦልኝ ነበር። ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት የገባ ዓሣ ለመርዝ ይጋለጣል። የዓሣውን ብዛትም ከውጭ አገር በተቀዳ ስሌት ነው የሚወስነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ ውኃዋ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለ ከተማ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማጣሪያውም ይቆማል። ስለዚህ ዓሣ ማሳነስና በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውኃው ስለሚቀዘቅዝ፣ ኒዮን ቴትራን የመሰሉ የሞቃት አገር ዓሣዎች ያለ ማሞቂያ መያዝ አይገባም፤ ይህንንም ካልጠየቁት አያነሣውም።

በአገልግሎቱ መጠቀም ለሚያስብ ሰው የምመክረው፣ የእርማቱን ጉብኝት ከመጀመሪያው ክፍያ ጋር በጽሑፍ እንዲዋዋል፣ ጊዜውም ከተከላው ሁለት ወር ገደማ በኋላ እንዲሆን ነው፤ ከዚያ በፊት ቫሊስኔሪያው ገና ስለማይስፋፋ ምን መቀነስ እንዳለበት በትክክል አይታወቅም።