ለላይብረሪዋ እትዬ ምስጋና፣ ለደሴ ወላጆች ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ውለታ ከብዶኝ ነው። ቧንቧ ውሃ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ የሚሠሩ እናት አሉ። ልጆቹ «እትዬ» ይሏቸዋል፣ እኔም እትዬ ነው የምላቸው። «ስሜን ጽፈህ ብታወጣ እቀየምሃለሁ» ስላሉኝ ስማቸውን አልጻፍኩም። የሰፈሩ ሰው ግን ማንን እንደምል ከወዲሁ ገብቶታል።

አስቀድሜ ምሬቴን ልተንፍስ። ልጄ እስከ አራተኛ ክፍል የተማረው የግል ትምህርት ቤት ነው። ስም አልጠራም። ለምዝገባ የሄድን ቀን ላይብረሪያቸውን አስጎበኙን። ባለመስታወት ቁም ሳጥን፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ ከላይ «ንባብ የእውቀት ቁልፍ ነው» የሚል ትልቅ ጽሑፍ። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ግን ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነበር። ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ! ልጄ ከዚያ ቁም ሳጥን አንድ መጽሐፍ ሳይነካ ነው የወጣው።

ከሁሉ ያበገነኝ ግን «ፕሮጀክት» የሚሉት ነገር ነው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ጥናት ሠርተህ አምጣ ይባላል። በእጅ የተጻፈ አይቀበሉም። በኮምፒውተር ይጻፍ፣ በከለር ይታተም፣ ይጠረዝ። እንግዲህ የት ይኬዳል? ፎቶ ኮፒ ቤት ነዋ። ልጅ ርዕሱን ይናገራል፣ እነሱ ከኢንተርኔት ያወርዳሉ፣ አባት ይከፍላል። ልጄ የራሱ ስም ያለበትን ወረቀት ሁለት መስመር እንኳ አንብቦ መጨረስ አይችልም ነበር። ውጤቱ ግን ከአስር አስር። አስጠኚም ቀጥረን ነበር። እሱም ጥያቄና መልስ አስሸመደደው፣ ደሞዙን ተቀበለ፣ ሄደ።

እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። ሐረጎን ስወጣና ስወርድ ነው የምውለው፤ የነዳጁን ነገር አታንሱብኝ። ክፍያው ሲከብደኝ ልጁን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛወርኩት። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ልጁን ልታበላሸው ነው» አለኝ። እስቲ አሁን ይምጡና ይዩት።

አምስተኛ ክፍል እንደገባ የመጣለት የቤት ሥራ ስለ ንጉሥ ሚካኤልና ስለ አይጠየፍ አዳራሽ መጻፍ ነበር። ልጁ እንደለመደው ፎቶ ኮፒ ቤት አሠርቶ፣ የተጠረዘውን ወረቀት ይዞ ላይብረሪ ገባ። እትዬ አዩት። አልተቆጡም።

«ያምራል። ከየት አገኘኸው?»

«ፎቶ ኮፒ ቤት።»

«እነሱስ ከየት አገኙት?»

ዝም። «አብሽር የኔ ልጅ፣ እኔና አንተ እንፈልገዋለን» ብለው ወንበር ሳቡለት። ይህን የነገረኝ ራሱ ልጁ ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልወስደው ሄድኩ። በር ላይ ስደርስ ሁለት መጽሐፍ ዘርግቶ ተቀምጧል። ንጉሥ ሚካኤል የተሸነፉበትን የሰገሌን ጦርነት አንደኛው መጽሐፍ በ1909 ይላል፣ ሌላኛው በ1916። «እትዬ፣ ይሄኛው ተሳስቷል» አላቸው በልበ ሙሉነት። እኔ ብሆን «አዎ» ወይም «አይ» ብዬ እገላገል ነበር። እሳቸው ግን «ሁለቱም ልክ ቢሆኑስ?» አሉት። ትንሽ አሰበና አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ገባው። ቀነሰው። 7 ዓመት።

ያ በቂ ነበር። እትዬ ግን መች በዚህ ሊለቁት! «ሚካኤል ገና ራስ ሳሉ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው አድዋ ዘምተዋል። እስቲ አድዋንም ፈልግ» አሉት። መጽሐፉን ከፊት ጀምሮ ሊገልጥ ሲል እጁን ያዙና መጨረሻው ላይ ያለውን የስም ዝርዝር አሳዩት። በፊደል ተራ ወርዶ አገኘው። 1888 በእኛ፣ 1896 በእነሱ። ቀነሰው። 8! አሁን ተናደደ። «ታዲያ ሰባት ነው ስምንት?»

«ወሩን አይተሃል?» አሉትና ሌላ መጽሐፍ ሊያነሱ ሄዱ። ትተውት ሄዱ!

ረዳቴ ውጭ ክላክስ ያንባርቃል። ተሳፋሪ ሞልቷል። እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ልጁ ጣቱን መጽሐፉ ላይ አድርጎ ያጉተመትማል። ሰገሌ ጥቅምት 17። አድዋ የካቲት 23። ጥቅምት፣ የካቲት፣ ጥቅምት፣ የካቲት። ድንገት «የፈረንጅ አዲስ ዓመት መሀል ላይ ገብቶ ነው!» ብሎ ብድግ አለ። ላይብረሪ መሆኑንም ረስቶታል። እትዬ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነው «ቀስ በል፣ ሰው ያነባል» አሉት። ፊታቸው ግን ይስቃል። ከዚያ «በራስህ ቃል ጻፈው። ከየትኛው መጽሐፍ፣ ገጽ ስንት ላይ እንዳገኘኸውም ከሥሩ አስቀምጥ» አሉት። ያን የቤት ሥራ በእጁ ጻፈ። ጽሑፉ ጠማማ ነው፣ ስርዝ ድልዝ አለበት። እኔ ዘንድ አለ፣ አልጥለውም።

ሌላም ሌላም ነገር አላቸው። ለትንንሾቹ ተረት ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል፣ ልክ ሲጥም ያቆማሉ። «የቀረውን የፈለገ ይዋስ» ብለው መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ግፊያውን ማየት ነው! መጽሐፍ ለሚመርጥ ልጅ ደግሞ አንድ ገጽ ያስነብቡታል። ያቃተው ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣቱን ያጥፋል። አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ለጊዜው ከብዶታል ማለት ነው፣ ቀለል ያለ ይሰጡታል። ልጄ ማንበብ እንደማይወድ ለዓመታት ሲነገረኝ ኖሯል። ለካስ አቅሙን የሚመጥን መጽሐፍ የሰጠው ሰው ስለሌለ ነው። በመጽሐፎቹ ጎን ላይ የተለጠፈው ቁጥር ግን ለእኔ አሁንም አይገባኝም። ልጁ «900 ከሆነ ታሪክና ጂኦግራፊ ነው፣ 500 ሳይንስ» ይለኛል። እሺ እላለሁ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። የጣሪያው ቆርቆሮ ዝናብ ሲመጣ ያደነቁራል። በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ውስጥ በትምህርት ቤቶች ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን፣ መጽሐፍ እንደልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። እትዬ የተገነጠለውን መጽሐፍ የጆንያ መርፌና ወፍራም ክር ይዘው፣ የልጇን ጋቢ እንደምትጥፍ እናት ይሰፉታል። ከላይ ኮላ ይቀቡታል፣ ድንጋይ ይጭኑበታል፣ በማግስቱ ለልጅ ይሰጣል። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ላይብረሪ የተሰበረ ዴስክ ማጠራቀሚያ ነበር። ለዚህ ነው መሰለኝ ያቺን ክፍል ሳያት ሆዴ የሚባባው።

ቤታችንም ተበጥብጧል። ልጁ የሚነገረውን ሁሉ «የት አነበብከው?» ማለት ጀምሯል። በቀደም እናቴ ስለ ድሮ ደሴ ስታወራ «እማማ፣ ምንጭሽ ምንድን ነው?» አላት። «ምንጬማ ቦርከና ነው!» ብላ አባረረችው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ሳቁና «የአያትህም ቃል ምንጭ ነው። ማን እንደነገረችህና መቼ እንደነገረችህ ጻፍ፣ ከዚያ ከመጽሐፍ ጋር አመሳክር» አሉት። አሁን ደብተር ይዞ ይከተላታል። እሷም ደስ ብሏታል፣ ለይምሰል ታጉረመርማለች እንጂ።

እትዬ፣ እግዜርም አላህም ይክፈሉልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ሌላ ምን እላለሁ።

ልጅ እዚያ ትምህርት ቤት ያላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ አንድ ቀን ገብታችሁ እዩ። ሌላ ትምህርት ቤት የምታስተምሩም የልጃችሁን ላይብረሪ በር አንኳኩ። ከተቆለፈ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቁ፣ አትፈሩ። እባካችሁ ጠይቁ።

ቤታችሁ የተቀመጠ የልጆች መጽሐፍ ካለ ውሰዱላቸው። አማርኛም ይሁን እንግሊዝኛ ይቀበላሉ። ኮላ፣ ሰፊ ፕላስተርና ክርም ያስፈልጋቸዋል። አሮጌ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሺት ግን እንዳትወስዱ፣ «እሱስ ሞልቶኛል» ብለዋል።